መቃውን ራሱ የቀረጸ ተማሪ

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደገ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ይኸውም ከመጻፍ በፊት መሣሪያን ማዘጋጀት እንዳለ ነው። ብራናው ከፍየል ቆዳ ተፍቆና ተወጥሮ ይደርቃል፤ ቀለሙ ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ይቀመማል፤ ብርዑም ከመቃ ተቆርጦ በቢላዋ ይቀረጻል። የመቃው ጫፍ በደንብ ሰያፍ ሆኖ ከተቀረጸ ፊደሉ ወፍራሙንና ቀጭኑን ለይቶ ይወጣል፤ ያለ መጠን ከተቀረጸ ግን ጸሓፊው የቱን ያህል ቢደክም ፊደሉ አያምርለትም። እንግዲህ ተማሪው ገና መቃውን ሲቀርጽ ፊደልን መማር ጀምሯል ማለት ነው።

ይህን ያነሣነው ያለፈውን ዘመን ለማወደስ አይደለም። የዛሬው ነገራችን በኮምፒዩተር ስለሚሣል ሥዕል ነው። እኛ በጅማ ከተማ በቦሳ አዲስ የምንኖር የትምህርት ቤት መምህር ስንሆን፣ ይህን ጥበብ መማር የጀመርነው ዕድሜያችን ከአርባ ካለፈ በኋላ ነው። ምክንያቱም ተማሪዎቻችን ስለ እርሱ ሲጠይቁን፣ ወላጆችም «ልጄን ልከልክለው ወይስ ልፍቀድለት?» እያሉ ሲያማክሩን፣ በማናውቀው ነገር ላይ ፍርድ መስጠት ስላልወደድን ነው።

መሣሪያው አንድ ጠፍጣፋ ሰሌዳና አንድ ብርዕ ነው፤ ወጣቶቹ ታብሌት ይሉታል። በሰሌዳው ላይ ቀለም አይፈስም፤ ብርዑ በሰሌዳው ላይ ሲሄድ መሥመሩ በኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ ይታያል። አሳቡ ብዙዎች እንደሚገምቱት የትናንት አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1963 አይቫን ሳዘርላንድ የተባለ አሜሪካዊ በብርሃን ብርዕ ስክሪን ላይ የሚሣልበትን ስኬችፓድ የተባለ ፕሮግራም አሳይቶ ነበር፤ በ1964 ደግሞ ራንድ የተባለው የምርምር ድርጅት የራሱን ሰሌዳ አወጣ። በ1983 በጃፓን የተቋቋመው ዋኮም ገመድም ባትሪም የማያስፈልገውን ብርዕ በዓለም አስፋፋ። የዚህ ብርዕ ትልቁ ጥቅም የእጅን ጫና መለካቱ ነው፤ ዛሬ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ጫናውን በ8192 ደረጃ ይለያሉ። እጅ ሲላላ መሥመሩ ይቀጥናል፤ ሲጠብቅ ይወፍራል። ለመሣያ የሚሆኑ ፕሮግራሞች ብዙዎች ሲሆኑ፣ ክሪታ የተባለው ያለ ዋጋ የሚገኝ ስለሆነ እኛ በእርሱ ተማርን።

ለጀማሪ አስቸጋሪው ነገር እጅ በጠረጴዛ፣ ዓይን በስክሪን ላይ መሆናቸው ነው። ሁለቱ እስኪስማሙ ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ። ደግሞም የሰሌዳው ቁመትና ስፋት ከስክሪኑ ጋር ካልተመጣጠነ የተሣለው ክብ ተለጥጦ እንቁላል ይመስላል፤ ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን መጠን ማስተካከል ይገባል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ፊደል ቆጠራን ይመስላል። እኛም በየማለዳው ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዳችን በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀጥ ያለ መሥመርና ክብ ብቻ እንሥል ነበር፤ ክንዱን ከትከሻው እንጂ ከእጅ አንጓ ብቻ እንዳናንቀሳቅስ እየተጠነቀቅን። ቀጥሎ ጀበናን ሣልን። ጀበና ለተማሪ መልካም መምህር ነው፤ ሆዱ ኳስ፣ አንገቱ ቀጭን ቧንቧ፣ እጀታው የታጠፈ ቀለበት ነውና። ብርሃኑ ከአንድ ወገን ሲመታው የት ላይ እንደሚደምቅና የት ላይ እንደሚጨልም በግራጫ ቀለም ብቻ መለየት የቻለ ሰው፣ ሌላውን ሁሉ ለመሣል በር ተከፍቶለታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ እርሱም ብሩሽ ነው። ክሪታ ከመቶ የሚበልጡ የተዘጋጁ ብሩሾች ይዞ ይመጣል፤ ወጣቶችም ከዚያ በላይ በሺህ የሚቆጠሩ ከየቦታው ያከማቻሉ። ተማሪዎቻችን ማን የበለጠ ብሩሽ እንዳለው ሲፎካከሩ ሰምተናል። ነገር ግን በኮምፒዩተር ዓለም ብሩሽ የሚባለው ምንድን ነው? ጠጉር የለውም፤ አንዲት ትንሽ ማኅተም ናት። ብርዑ ሲሄድ ይህች ማኅተም እየተደጋገመች ትታተማለች። ማኅተሞቹ ከተራራቁ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተለያይተው ይታያሉ፤ ከተቀራረቡ ግን መሥመር ይሆናሉ። የማኅተሟን ቅርጽ፣ የምትደጋገምበትን ርቀት፣ ማዕዘኗን፣ ከእጅ ጫና ጋር የሚለወጠውን መጠኗን ሠዓሊው እንደ ፈቃዱ መወሰን ይችላል። ይህን የተረዳ ሰው የራሱን ብሩሽ መሥራት አያቅተውም።

እኛ መጀመሪያ የሠራነው የመቃ ብሩሽ ነው። ማኅተሙን ረጅምና ጠባብ አደረግነው፤ በ45 ዲግሪ አዘንብለን እንዳይዞር አሠርነው፤ ጫናው ወፍራምነቱን እንዳይለውጥም ከለከልነው። በእርሱ «ሀ» እና «መ» ብንጽፍ ወፍራሙና ቀጭኑ በየቦታው ወጣ። ያን ጊዜ የቀድሞው መቃ ምን ያስተምረን እንደ ነበረ በግልጽ ገባን፤ የፊደሉ ውበት ከእጅ ጉልበት ሳይሆን ከጫፉ ማዘንበል የሚመጣ ነበርና።

ሁለተኛው የቡና ቅጠል ብሩሽ ነው። አንድ ቅጠል በነጭ ወረቀት ላይ አኑረን ፎቶግራፍ አነሣነው፤ ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጠን ማኅተም አደረግነው፤ ሲታተምም መጠኑንና አቅጣጫውን እንዲለዋውጥ አዘዝነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ቅጠል ወጣ፤ ሆኖም የቡና ዛፍ አልመሰለም። ምን እንደ ጎደለው ለማወቅ ወደ ጓሮ ወጥተን እውነተኛውን ዛፍ ተመለከትን። የቡና ቅጠል ሁለት ሁለት ሆኖ በቅርንጫፉ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይበቅላል፤ ጠርዙ ይሞገዳል፤ ፊቱ ያብለጨልጫል፤ ፍሬውም በቅጠሎቹ ሥር ቅርንጫፉን ከቦ ይይዛል። በዚህ አገር የኖረ ሰው ቡናን በየቀኑ ያያል፤ ነገር ግን ማየትና መመልከት አንድ አይደሉም። የተዘጋጀ ብሩሽ ብንወስድ ኖሮ ወደ ጓሮ ባልወጣን ነበር። ራስ የሠራው ብሩሽ ጥቅሙ ይህ ነው፤ ሠዓሊውን ወደ ነገሩ ይልከዋል።

ስለ ስሕተት ማረሚያውም አንድ ቃል እንናገር። በብራና ላይ የተሳሳተ ጸሓፊ በቢላዋ ይፍቃል፤ የተፋቀውም ቦታ ሳስቶ ይቀራል። ስለዚህ እጁን ከማሳረፉ በፊት ያስባል። በኮምፒዩተር ግን አንድ ቁልፍ ሲጫኑ የተሣለው ሁሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህ መልካም ምቾት ነው፤ ሲበዛ ግን እጅን ያሰንፋል። ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የሰጠነው ሥርዓት የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ያለዚህ ቁልፍ እንዲሠሩ ነው።

ወላጆችን ስለሚያሳስበው ነገር ደግሞ የሚከተለውን እንናገራለን። አንድ የቡና ነጋዴ የሆኑ አባት ስለ ልጃቸው መጥተው፦ «መምህር፣ ቡናዬን ሸጬ ይህን ሰሌዳ ልግዛላት? ወይስ ነገሩ ጨዋታ ነው?» አሉን። እኛም፦ «ከመግዛትዎ በፊት አንድ ደብተር በእርሳስ ሞልታ ታሳይዎ፤ ከሞላችው ጨዋታ አይደለም» አልናቸው። ልጅቱ በሦስት ወር ሞላችው። የጅማን በርጩማ፣ ቡና የተሰጣበትን አልጋ፣ ቡና የሚለቅሙ ሴቶችን ሣለች። አባትየው ቅጠሉን ሲገልጡ የገዛ እናታቸውን እጅ፣ ጣቶቹ ከነጉብጠታቸው፣ በቡናው ላይ አዩት፤ ጥቂት ጊዜም ዝም አሉ። ከዚያም ውዱን ሳይሆን ትንሹን ሰሌዳ ገዙላት። እርስዋም የመጀመሪያዋን ብሩሽ ከቡና ጆንያ ሽመና ሠራች፤ ጥላን ሁሉ በእርሱ ትሠራለች።

«ሥዕል እንጀራ ይሆናል ወይ?» የሚሉም አሉ። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በልጅነታቸው ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ዝንባሌያቸው ወደ ሥዕል ስለ ሆነ በዚያው ጸኑ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው የመስታወት ሥዕላቸው ዛሬም የአገር ኩራት ነው። አለ ፈለገ ሰላምም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን በአዲስ አበባ መሥርተው ለብዙ ወጣቶች መንገድ ከፈቱ። ሁሉም ልጅ እንደ እነርሱ ይሆናል አንልም፤ ነገር ግን የመጽሐፍ ሥዕል፣ ማስታወቂያ፣ የልብስ ጥለት የሚሠራ ሰው ዛሬም ይፈለጋል።

ቅዱሳት ሥዕላትን በሚመለከት ግን ጥንቃቄ ይገባል። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ቅዱሳንን ሁለት ዓይኖቻቸው እንዲታዩ አድርገው፣ ክፉዎችን ደግሞ በአንድ ዓይን ወደ ጎን መልሰው የሣሉት በዘፈቀደ አልነበረም። ስለዚህ ተማሪዎቻችን በጀበናና በቅጠል እንዲለማመዱ እንጂ ቅዱሳት ሥዕላትን የብሩሽ መሞከሪያ እንዲያደርጉ አንፈቅድም። ዛሬ ደግሞ ጥቂት ቃላት ሲጽፉለት ራሱ ሥዕል የሚያወጣ መሣሪያ መጥቷል፤ ሥርዓቱን የማያውቅ ሰው ከዚያ የወጣውን ሁሉ እንደ ትክክለኛ ሥዕል ይቀበላል። በእጁ የተማረ ሰው ግን የጎደለውን ለይቶ ያውቃል።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ በሰሌዳው ላይ አጎንብሶ ብታገኙት ለመቈጣት አትቸኩሉ። አጠገቡ ተቀምጣችሁ «ከእነዚህ ብሩሾች አንተ ራስህ የሠራኸው የትኛው ነው? ከምንስ ሠራኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካለው እየተማረ ነውና ጊዜ ስጡት። መልስ ከሌለው ደግሞ እርሳስና ደብተር ሰጥታችሁ ወደ ጓሮ ላኩት።