ለ«ጠል» ስም ስናስመዘግብ

በእጅ የምንጽፋት መጽሔታችን «ጠል» ድረ ገጽ ይኑራት ከተባለ ወዲህ፣ ስሟን የማስመዝገቡ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። አድራሻው በላቲን ፊደል ይሁን ብለን ስለ ተስማማን «ጠ» ወደ «ተ» ተለወጠና ጤዛችን የስልክ ማስታወቂያ መሰለች! እርሱም ቢሆን ተይዟል፤ «ካኩማ»ን ጨመርንበት። መጨረሻውስ? «ዶት ኢቲ» የኢትዮጵያ፣ «ዶት ኬኢ» የኬንያ ነው፤ እኛ የአንድ አገር ያልሆነውን «ዶት ኦርግ» መረጥን። ቅጹ ግን «አገር» ይላል። የሚጠይቀው አድራሻን እንጂ ዜግነትን እንዳልሆነ እያወቅሁ፣ ብዙ ቆይቼ «ኬንያ» ብዬ ሞላሁ።

ስሙ አይሸጥም፤ እንደ ቀበሌ ቤት ይከራያል፣ ኪራዩም በዓመት ነው። ሳይታደስ የማራዘሚያው ጊዜ ካለፈ ማንም ሊወስደው ይችላል። «ባለቤት» በሚለው ስፍራ የራሴን ስም ጽፌ ሰረዝሁ፤ ነገ ወደ ሦስተኛ አገር ብወሰድስ? የመጽሔቷን ስምና ኢሜይል አስገባሁ። የይለፍ ቃሉን ከእኔ ሌላ አንዲት ተማሪዬ ታውቀዋለች።