ስለ እናቴ ድምፅና ስለ አንዲት ካሴት

እናቴ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ድምፅዋ ዛሬ የሚገኘው በአንዲት የቪዲዮ ካሴት ብቻ ነው፤ እርሱም የእኔን ስንፍና የሚመሰክር ነው እንጂ እንደሚገባ የተቀረጸ አይደለም።

በ1989 ዓ.ም. በውጭ አገር የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ በእጅ የምትያዝ የቪዲዮ ካሜራ ላከልኝ፤ የካሴትዋ ጥብጣብ ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር ነበረ። በእኅቴ ሠርግ ዕለት ከጧት ጀምሬ ስቀርጽ ዋልሁ። አዲስ መሣሪያ ያገኘ ሰው እንደ ሕፃን ነውና አሁን ወደ ሙሽሮቹ፣ አሁን ወደ ጣራው እያዞርሁ፣ ሩቁን አቅርቤ ቅርቡን አርቄ፣ የተመልካቹን ራስ የሚያዞር ነገር ሠራሁ። እናቴ በመስኮቱ ሥር ቡና ስትቀዳ ካሜራው በላይዋ አለፈ፤ ብቆጥረው አራት ሰከንድ አይሞላም፤ ከኋላዋ የገባው ብርሃንም ፊትዋን አጥቁሮታል። ወዲያው አጎቴ በደጅ ሲፎክር ሰምቼ ወደ በሩ ስሮጥ፣ «ልጄ፣ ያንን ነገር አስቀምጥና ቡናህን ጠጣ» የሚለው ድምፅዋ ይከተለኛል፤ የሚታየው ግን የበሩ መቃን ነው።

ዛሬ ቢሆን መስኮቱን ከጀርባዬ አድርጌ፣ ክንዴን በጉልበቴ ላይ አስደግፌ፣ አሥር እስክቆጥር ድረስ ሳልነቃነቅ በተቀመጥሁ ነበር። በካሜራው ላይ ያለው ማይክሮፎን የቅርቡን እንጂ የሩቁን አጥርቶ አይሰማምና በመነጽሩ ከማቅረብ ይልቅ በእግሬ በቀረብሁ ነበር።

ከቀረጽሁም በኋላ አልጠበቅኋትም። በካሴትዋ ጠርዝ ላይ ሌላ ነገር እንዳይቀረጽባት የምትከለክል ትንሽ መዝጊያ አለች፤ እርስዋን ሳልገፋ በመተዌ ከዚያው ሠርግ የተወለደው የእኅቴ ልጅ በ1998 ዓ.ም. በወላጆቹ የሠርግ እራት ላይ የሰፈሩን ኳስ ጨዋታ ቀረጸበት። ልጁን ምን ብዬ ልቆጣው?

የተረፈውን ደግሞ ክረምት በሚያንጠባጥብ ዕቃ ቤት አኖርሁት። ጥብጣቡ ማግኔት የሚቀበል ዱቄት በሙጫ የተለጠፈበት ስስ ፕላስቲክ ነው፤ ሙጫውም እርጥበት ሲጠጣ ይለሰልሳል። ካሴትዋን ሳወጣ በጠርዝዋ ነጭ ሻጋታ አየሁ። በካሜራው ላጫውታት ስል አንድ የመሣሪያ ጠጋኝ እጄን ያዘኝ፤ የሻገተ ጥብጣብ ካሜራውንም ያበላሻልና። እርሱ በትዕግሥት አጽድቶ ወደ ኮምፒዩተር ገለበጠልኝ። በየቤቱ የነበረውን የቪ.ኤች.ኤስ. ማጫወቻ እንኳ እስከ መጨረሻ ሲሠራ የቆየው የጃፓኑ ፉናይ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ማምረቱን አቁሟል፤ የእኔዋ ካሴት ደግሞ በዚያ ማጫወቻ አትገባም። ስለዚህ አንዱን ቅጂ እኔ ይዤ ሌላውን ለወንድሜ ላክሁለት። ካሴትዋንም አልጣልኋትም፤ እስከ ጫፍዋ ጠቅልዬ፣ በማኅደርዋ አድርጌ፣ ከድምፅ ማጉያና ከሙቀት ርቃ በደረቅ መደርደሪያ ላይ ቆማለች።

ባለፈው እሑድ ለልጆቼ አሳየኋቸው። ድምፅዋ ሲመጣ ታናሽዋ «አያቴ የት አለች?» አለችኝ። ጣቴን በመቃኑ ጠርዝ ላይ አድርጌ፣ «ከዚህ በስተ ቀኝ» አልኋት።