«ሄድኩ» እና «ሄድን»

ባሕር የሌለው አገር ሰው፣ ያውም የኮልፌ ነዋሪ፣ ስለ መርከብ ሽርሽር ምን አግብቶት ይጽፋል ትሉኝ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። ከጣና ሞተር ጀልባ በቀር ውኃ ላይ የሚሄድ ነገር ተሳፍሬ አላውቅም። ነገር ግን ሃያ ዓመት ያህል እንግዳ ሳስጎበኝ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ሰው ለምን ቤቱን ዘግቶ አገር እንደሚያቋርጥ ማሰብ እንጀራዬ ሆኖ ቆይቷል። ዛሬ የማነሣው ሽርሽር ደግሞ እኛ ሰፈር ስሙ ከተነሣ ሲኒ የሚያስጥል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ ተመሳሳይ ፆታ ለሚያፈቅሩ ወንዶችና ሴቶች ተብለው የሚሰናዱ የመርከብ ጉዞዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 ኬቪን ሞሲየር የተባለ የሚኒሶታ ሰው መርከብ ሙሉውን ተከራይቶ እንዲህ ያሉ መንገደኞችን አሳፈረ። በ1973 የሴቶችን ሙዚቃ ለማሳተም የተቋቋመው ኦሊቪያ የተባለው ድርጅት በ1990 ፊቱን ወደ ባሕር አዞረና 600 ሴቶችን ይዞ ወደ ባሃማስ ተጓዘ። ዛሬ በአንድ ጉዞ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የሚሳፈሩበት ጊዜ አለ። ካፒቴኑ፣ ምግብ አብሳዩና አስተናጋጁ እንደማንኛውም መርከብ ነው። መርከቡ ሙሉውን ስለሚከራይ የሚለየው ተሳፋሪው ብቻ ነው።

ታዲያ ገንዘብ ያለው ሰው ከማንም ጋር ተቀላቅሎ መሳፈር ሲችል ለምን ለብቻው መርከብ ይፈልጋል? የዚህን መልስ የነገሩኝ አንዲት ጡረታ የወጡ አሜሪካዊት መምህርት ናቸው። በ1998 ዓ.ም. ከአንዲት ወዳጃቸው ጋር ሆነው ከቡድን ጋር መጥተው ነበር። ጣና ላይ ክብራን ገብርኤል ደረስን። ገዳሙ ሴት አይገባበትምና ወንዶቹን እዚያው ያለ አስጎብኚ ተረክቦ ይዟቸው ሲወጣ እኔ ከሁለቱ ሴቶች ጋር ጀልባው አጠገብ ቀረሁ። ለምን አንገባም ብለው አልተቆጡም። የቤቱ ሥርዓት ነው አሉና ጥላ ፈልገው ተቀመጡ።

ወሬ ወሬን ሲያመጣ መምህርቷ ከዚያ በፊት ስለሄዱበት የመርከብ ጉዞ አጫወቱኝ። «31 ዓመት አስተማርኩ» አሉኝ። «ሰኞ ሰኞ የሥራ ባልደረቦቼ ቅዳሜና እሑድ እንዴት ነበር ይሉኛል። እሷና እኔ ገበያ ሄደን፣ እሷና እኔ ታመን፣ እሷና እኔ ዘመድ ቀብረን ይሆናል። ‹ሄድን› ማለት ሲገባኝ ‹ሄድኩ› እያልኩ 31 ዓመት ኖርኩ። መርከቡ ላይ ግን በመጀመሪያው ማታ እራት ላይ አንዲት ሴት ስትጠይቀኝ ‹ሄድን› አልኳት። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ያ ነው እረፍቴ።»

ሌላው ሁሉ፣ መዋኛውም ሙዚቃውም፣ በማንኛውም መርከብ ይገኛል። እሳቸው የከፈሉት ከመጠንቀቅ ለማረፍ ነበር። ይኼ ለኮልፌ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ቀኑን ሙሉ አጠና ተራ በአማርኛ ሲከራከር የዋለ ጉራጌ፣ ማታ ከአገሩ ልጅ ጋር በቋንቋው ሲጫወት ፊቱ ሲፈታ አይቻለሁ። አማርኛው ጠፍቶበት አይደለም፤ ከወገን ጋር ሲሆን ቃል መምረጥ ስለሚቀርለት ነው።

ግን መርከብም ወደብ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1998 መጀመሪያ 900 ያህል እንዲህ ያሉ መንገደኞችን የጫነች መርከብ ካይማን ደሴቶች ላይ እንዳትቆም የአገሩ መንግሥት ከለከለ። መንገደኞቹ ገና አልደረሱም፤ የሠሩትም ጥፋት አልነበረም። ማንነታቸው ቀድሟቸው መድረሱ በቂ ሆነ። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ2001 ደሴቶቹን የምታስተዳድረው ብሪታንያ በካሪቢያን ግዛቶቿ የነበረውን ከልካይ ሕግ ሻረች።

እኛ ወደብ የለንም፤ ላሊበላ ግን አለን። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ቶቶ ቱርስ የተባለ፣ ደንበኞቹ ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ሰዎች የሆኑ የቺካጎ አስጎብኚ ድርጅት በመጪው ጥቅምት ወደ ኢትዮጵያ የሚመጣ ቡድን ማሰናዳቱ ተሰማ። ባሕር ዳርና ላሊበላ በመስመሩ ውስጥ ነበሩ። ሰለስቱ ምእት የተባለው የኦርቶዶክሳውያን ማኅበራት ኅብረት መንግሥት ጉዞውን እንዲያግድ ጠየቀ። ድርጅቱም ማስፈራሪያ እየደረሰው መሆኑን ተናገረ።

ቅር የተሰኙትን ሰዎች አልንቅም። ላሊበላ ሙዚየም አይደለም፤ ቅዳሴ የሚቀደስበት፣ ሰው ተሳልሞ የሚያለቅስበት ቤት ነው። ሕጉንም አውቃለሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን ይከለክላል። ነገር ግን ሕጉ ድርጊትን እንጂ መጎብኘትን አይልም። በሃያ ዓመት የአስጎብኚነት ኑሮዬ ቤተ ጊዮርጊስ በር ላይ እንግዳ ጫማውን እንዲያወልቅ ሲጠየቅ አይቻለሁ፤ አገርህ ከማን ጋር ነው የምትኖረው ተብሎ ሲጠየቅ ግን አላየሁም። ሁለቱ ሴቶችም ከጣና በኋላ ላሊበላን አይተዋል። ነጠላ አጣፍተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ ከግድግዳው ሥር ቆመዋል። ማንንም አላስቀየሙም። እንዲህ ያሉ እንግዶች ከዚያ በፊትም መጥተዋል። ልዩነቱ፣ በፊት «ሄድኩ» እያሉ መጡ፤ በ2011 ግን «ሄድን» ብለው ሊመጡ አሰቡ።

ኮልፌዎች የምንኮራበት አንድ እንግዳ አለን። ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 እዚሁ ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ወታደራዊ ትምህርት ተምሯል። በአገሩ መንግሥት የሚታደን ሰው ስለነበረ ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም ነበር የሚጓዘው። ኮልፌ ስሙን ደብቆ የመጣውን እንግዳ ተቀብላ፣ አብልታና አስተምራ ሸኘችው። ያ ሰው ፕሬዚዳንት ሆኖ በታኅሣሥ 1996 እ.ኤ.አ. የፈረመው የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት፣ ሰው በፆታ ዝንባሌው ምክንያት እንዳይበደል በመከልከል በዓለም የመጀመሪያው ነበር። የነፃነት ታጋይና የመርከብ ሽርሽረኛ አንድ ናቸው አልልም። ስም ደብቆ መጓዝ ምን እንደሚከብድ የሚያውቅ ሰው ግን በዚህ ሰፈር አልፏል እላለሁ።

ያ የ2011 ወሬ የሞቀ ሰሞን ጎረቤት ቡና ተጠርተን ስምንት ዘጠኝ ሆነን ተቀምጠናል። አንዱ «ይምጡና በድንጋይ ነው የምንቀበላቸው» አለ። የቤቱ እመቤት ወደኔ ዞር ብላ፣

«ጋሼ፣ እርስዎ እንዲህ ያሉትን አስጎብኝተው ያውቃሉ?» አለችኝ።

«አስጎብኝቻለሁ» አልኳት።

«ውይ! እንዴት አወቋቸው?»

«ነገሩኝ እንጂ አላወቅኋቸውም።»

ቤቱ ጸጥ አለ። ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ አንድ የሰፈራችን ወጣት፣ ጨዋታ አዋቂ ልጅ፣ እስከዚያች ሰዓት አንድ ቃል አልተነፈሰም ነበር። ሲኒውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና ደህና እደሩ ብሎ ወጣ። ደክሞት ይሆናል፤ ሥራ ኖሮበት ይሆናል። አልጠየቅሁትም፤ የመጠየቅ መብትም የለኝም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር አስባለሁ። አሜሪካዊቷ መምህርት ቢጨንቃቸው ገንዘብ አጠራቅመው መርከብ ተሳፈሩ። ወደብ ቢዘጋባቸው ዞረው የሚገቡበት ቤት አላቸው። እኛ «በድንጋይ» የምንለው ግን ሩቅ ላለው እንግዳ መስሎን ነው። እንግዳው ቺካጎ ሆኖ አይሰማንም። የሚሰማን ጎናችን ተቀምጦ ቡና የሚጠጣው፣ መሳፈሪያ የሌለው ሰው ነው።

ስለዚህ አሁን ወሬው ሲነሣ ድርሻዬን እናገራለሁ። ባታምኑበት አትመኑበት፣ ሃይማኖታችሁም አይፈቅድ፤ እኔ ባለሁበት ግን ድንጋይ አይነሣ እላለሁ። በዚህ ተቀይሞኝ ሰላምታ የነፈገኝ ጎረቤት አለ። ይሁን። ልጁ ግን ቡና ላይ መምጣቱን አልተወም።