ዋጋ ሳይቆረጥ

ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር ጨርቅ የሚነግድ አንድ አባት ሃያ ዓመት ሙሉ ያልጣሰው ደንብ ነበረው፤ ዋጋ ሳይቆረጥ ጨርቅ አይቀደድም። ይህ ደንብ በአንድ የጥቅምት ምሽት ከሴት ልጁ ምኞት ጋር ተጋጨ።

ልጅቷ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። ብዙዎቹ የአሜሪካ ኮሌጆች ቀድመው የሚያመለክቱትን የሚቀበሉት እስከ ኖቬምበር 1፣ ማለትም እስከ ጥቅምት 22 አካባቢ በመሆኑ፣ የቀሯት ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከፊቷ ሁለት መንገድ ተዘርግቷል። «ኧርሊ ዲሲዥን» በሚባለው፣ አመልካቹ አንድ ኮሌጅ ብቻ መርጦ፣ ከተቀበሉት ሌላውን ሁሉ ትቶ እንደሚገባ ይፈርማል፤ ወላጅና የትምህርት ቤቱ አማካሪም አብረውት ይፈርማሉ። በ«ኧርሊ አክሽን» ግን መልሱ ቀድሞ ይመጣል እንጂ ውሳኔው እስከ ሜይ 1 በአመልካቹ እጅ ይቆያል። ልጅቷ የወደደችው አምኸርስት ፊርማ ይጠይቃል። ወላጆቿ ያሰቡላት ዬል አያስፈርምም፤ ሆኖም በዚያው ጊዜ ለሌላ የአሜሪካ የግል ኮሌጅ ቀድሞ ማመልከትን ይከለክላል። ስለዚህ ሁለቱን ባንድ ላይ መሞከር አይቻልም።

«ዬልን ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል፤ ያኛውን ለአክስትሽ ስንት ጊዜ ላስረዳ ነው?» አለች እናት።

«እማዬ፣ የምማረው እኮ እኔ ነኝ።»

አማካሪው ቀድሞ ማመልከት ዕድልን እንደሚያሰፋ ነግሯት ነበር። እርግጥ ቀድመው ካመለከቱት ዘንድ የሚያልፉት በመቶኛ ሲሰላ ይበልጣሉ፤ ነገር ግን ከእነርሱ መካከል አሠልጣኞች አስቀድመው የመረጧቸው ስፖርተኞችም ስላሉ፣ አሃዙ ለአንዲት የናይሮቢ ተማሪ የሚለውን ያህል አይናገርም። አባትን ያስጨነቀው ግን ዕድሉ አልነበረም። ሱቁ የሚያስገባው ሽልንግ ነው፤ ኮሌጁ የሚጠይቀው ዶላር ነው፤ ታናሽ ወንድሟም ገና ስምንተኛ ክፍል ነው።

ሁለቱም ኮሌጆች የውጭ አገር አመልካችን ሲመርጡ የመክፈል አቅሙን አይመለከቱም፤ ለተቀበሉትም የጎደለውን እንደሚሞሉለት ቃል ይገባሉ። አባት ይህን ሰምቶ ጥቂት ዝም አለና፣ «ጎደለ የሚለው ማነው?» ሲል ጠየቀ።

የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። የጎደለውን የሚያሰላው ኮሌጁ ነው፤ ቤተሰቡ የሱቁን መዝገብና የባንክ ወረቀቱን ልኮ ይጠብቃል። እርዳታው ካልበቃው ከፊርማው እንዲለቀቅ መጠየቅ ይችላል፤ ሆኖም ያን ጊዜ የሌላ ኮሌጅ ስሌት በእጁ ስለማይኖር የሚያነጻጽርበት የለውም። ዋጋ ማወዳደር የማያስፈልገው ሀብታም ብቻ ያለ ስጋት ይፈርማል። ሃርቫርድና ፕሪንስተን እ.ኤ.አ. በ2006 የቅድሚያ ማመልከቻን እንደሚያስቀሩ ሲያስታውቁ የሰጡት ምክንያት አሠራሩ የተሻለ ኑሮ ያላቸውን ይጠቅማል የሚል ነበር። በ2011 መልሰው ጀመሩት።

ልጅቷ አልተከራከረችም። ደብተሯን አምጥታ፣ «አባዬ፣ በዓመት ስንት መክፈል እንችላለን? የምር የምንችለውን» አለችው። አባት ካልኩሌተሩን አነሳ፤ የሱቁን ኪራይ፣ የወንድሟን ክፍያ፣ ለአያት የሚላከውን ቀነሰ። እናት ከዕቁቡ የሚደርሳትን ጨመረች። የቀረው 3,200 ዶላር ሆነ። ልጅቷ ቁጥሩን ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሠመረችበት። ከዚያ በላይ ከተጠየቁ እምቢ የምትለው ራሷ እንደምትሆን፣ ማንም እንደማይለምናትና ማንንም እንደማትለምን ተስማሙ።

«አሁን ዋጋ ቆረጥን» አለ አባት፤ መነጽሩንም ፈለገ።

ፈረመ። እናት ወረቀቱን አጥፋ ፓስፖርቶቹ ያሉበት መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። የኮሌጁ መልስ እስከ ታኅሣሥ አይመጣም ነበር።