ልዋጭ

የአፍንጮ በር ልጅ የሆነ ሰው "ልዋጭ!" የሚለውን ጥሪ ከነዜማው ያውቀዋል። ቆራሌው ሌላ ነው፤ እሱ ቆርቆሮና ጠርሙስ በገንዘብ ይገዛል። ልዋጭ ግን ገንዘብ የሚባል ነገር አያውቅም። ያረጀ ኮት ትሰጡታላችሁ፣ ብርጭቆ ይሰጣችኋል። ሱሪ ከጨመራችሁ ሳህን ይጨምራል። ክርክሩ ታዲያ የዋዛ እንዳይመስላችሁ። ኮቱን ወደ ፀሐይ አንስቶ ያየዋል፣ ብብቱን ይፈትሻል፣ ጉልበቱ ላይ የሳሳውን ሱሪ በጣቱ ወጋ አድርጎ "እሜቴ፣ ይሄማ ወንፊት ነው" ይላል። እናቴም ብርጭቆውን በጥፍሯ መታ አድርጋ ድምፁን ታዳምጣለች። አንዳንዴ ሰውየው ተቆጥቶ ዕቃውን ሰብስቦ ይነሳል። በር ላይ ሲደርስ ትጠራዋለች። ካልጠራችውም ችግር የለም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

አባቴ በሞተ በዓመቱ ገደማ፣ እናቴ ኮቱን ለስድስት ብርጭቆ ለወጠችው። ወደዚህ ታሪክ እመለስበታለሁ።

ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን "ለወጠ" የሚለውን ግስ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ዘሮቹን እንዲያወጡ ተማሪዎቼን አዛቸው ነበር። "ለውጥ" ይላሉ መጀመሪያ፤ በ1966 ዓ.ም. አገሩን ያናወጠው ቃል ነዋ። "ልዋጭ" የሚል ሲመጣ ግን ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። አገር የሚገለብጠውና ብርጭቆ ተሸክሞ የሚዞረው የአንድ ግስ ልጆች መሆናቸው ያስቃቸዋል። እኔንም ያስቀኝ ነበር። እስከ አምና ድረስ።

እኔ ጋ የሚኖር የእህቴ ልጅ አለ። በ2016 ዓ.ም. የስልኩን መስታወት በጣቱ መደብደብ ጀመረ። መጀመሪያ ኖትኮይን የሚባል የቴሌግራም ጨዋታ ነበር፤ የሳንቲም ሥዕል ትነካላችሁ፣ ቁጥር ይጨምራል። ከንቱ ነገር ነው ብዬ ሳልጨርስ ግንቦት 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ሳንቲሙ ገበያ ላይ ዋለና ጣታቸው ያልቦዘነ ልጆች ገንዘብ አገኙበት። ከዚያ ሃምስተር መጣ። እናንተም ሳታዩ አልቀራችሁም፤ ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ኧረ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር አንገቱን ደፍቶ የማይነካ ወጣት አልነበረም። የሃምስተሩ ሳንቲም የታደለው መስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። የደመራ ዕለት! ሰፈሩ ችቦ ሲያስር የእኛው ልጅ ስልኩ ላይ አፍጥጦ ተቀምጧል። የወራት ድካሙ ተመንዝሮ ሲታይ ሁለት ጓደኛ ምሳ የሚጋብዝ አልሆነም።

ግን ያን ቀን ማታ አንድ ነገር አሳየኝ። "ጋሼ፣ ይመልከቱማ" አለና ሃምስተሩን ወደ ቶንኮይን፣ ቶንኮይኑን ወደ ዩኤስዲቲ ለወጠው። ቡናዬን ፉት ብዬ ስኒውን ሳላስቀምጥ ነው፣ እውነቴን ነው።

"ማነው የለወጠልህ?" አልኩት።

"ማንም።"

ማንም የሚለው መልስ አልዋጥልህ አለኝ። በመሐል ድርጅት የሚቆምባቸው ትልልቅ ገበያዎችም አሉ፤ እሱ የተጠቀመበት ግን የጋራ ጎተራ የመሰለ ነገር ነው። ሰዎች ሁለት ዓይነት ሳንቲም አጣምረው ያስቀምጡበታል፣ ከእያንዳንዱ ልውውጥም ትንሽ ኮሚሽን ይደርሳቸዋል። የሚለውጥ ሰው አንዱን ዓይነት ከቶ ሌላውን ይወስዳል። ዋጋውን ስሌት ይወስነዋል፤ የሁለቱ ሳንቲሞች ብዛት ሲባዛ የሚመጣው ቁጥር መቀነስ የለበትም። ወረቀት አውጥቼ ሠራሁት። ጎተራው ውስጥ 1,000 ቀይና 1,000 ሰማያዊ ሳንቲም አለ እንበል። እኔ 100 ቀይ ስጨምር ቀዩ 1,100 ይሆናል፤ ብዜቱ ሚሊዮን ሆኖ እንዲቆይ ሰማያዊው ወደ 909 መውረድ አለበት። ስለዚህ የሚደርሰኝ 91 ገደማ ነው። ጎተራው ከየዓይነቱ 100,000 የያዘ ቢሆን ኖሮ ግን ያው 100 ቀይ መቶ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ያስገኝልኝ ነበር። ትንሽ ጎተራ ውስጥ ራሳችሁ በገባችሁበት ዋጋ ራሳችሁ ትጎዳላችሁ። የቋንቋ ሰው ሆኜ ይህን ማስላቴ ኩራት ቢጤ ለቀቀብኝ። ጥፋቴም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እህቴ ልጇን ኮሌጅ ለማስመዝገብ የአንገት ሐብሏን ሸጠች። ፒያሳ ከቀሩት ወርቅ ቤቶች አንዱ ውስጥ አብሬያት ነበርኩ፤ 41 ሺህ ብር ቆጥሮ ሰጣት። ምዝገባው ሦስት ወር ይቀረዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ በተለቀቀበት ቀን ዶላር ከ57 ብር ወደ 74 ብር ሲዘል ሁላችንም አይተናል፤ ከዚያ በኋላም መውጣቱን አላቆመም። ልጁ "ጋሼ፣ ብሩ እስከዚያ ይቀልጣል። ዩኤስዲቲ ይሁን፤ ከዶላር እኩል ነው" አለኝ። ብሔራዊ ባንክ በዚህ ዓይነት ዲጂታል ገንዘብ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን በ2014 ዓ.ም. ማሳወቁን አላጣሁትም። ጋዜጣ የሚጽፍ ሰው ይህን አላውቅም ሊል አይችልም። ቢሆንም እህቴን "ግዴለሽም፣ ልጁ ያውቅበታል" ያልኳት እኔ ነኝ። እኔን አምና ሰጠች። አንድ የማናውቀው ሰው ካፌ ውስጥ ብሩን ቆጥሮ ተቀበለና 280 ዩኤስዲቲ ገደማ ላከልን። እስኪገባ ድረስ እኔ የሰውየውን ዓይን፣ ሰውየው የእኔን ዓይን እናያለን። በዚህ ሁሉ ሰንሰለት ውስጥ ሰው ሰውን ያየበት አንዷ ቦታ እሷ ነበረች።

ሁለት ወር በደህና ተቀመጠ። ከዚያ አንድ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አዲስ የተፈጠረ ሳንቲም በየደቂቃው ሲወጣ አየ። እናቱን በእጥፍ ሊክሳት፣ ሐብሉንም መልሶ ሊገዛላት አሰበ። (ይህን ሲነግረኝ አላመንኩትም፤ አሁን ግን አምነዋለሁ።) አንድ ጊዜ ነካ፤ ያለው ሁሉ ተለወጠ። ሊነጋጋ ሲል የሳንቲሙ ፈጣሪዎች ያስቀመጡትን ከጎተራው አውጥተው ሄዱ። ስልኩ እስከ ዛሬ ሁለት ሚሊዮን ምናምን ሳንቲም እንዳለው ያሳያል። ወደ ዩኤስዲቲ መልሰው ሲሉት ግን የሚመጣው ቁጥር ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ ነው። የልጁ ገንዘብ ሳንቲም ሆኖ አለ፤ ከሳንቲሙ ማዶ ማንም የለም።

እኔን ያስጨነቀኝ ፍጥነቱ ነው። አያቶቻችን የማርያ ትሬዛን ብር ሲቀበሉ የሴትዮዋን የትከሻ ጌጥ ነጥብ ይፈትሹ፣ ያልጣማቸውን ይመልሱ ነበር አሉ። አሞሌ ጨውም ከተሸረፈ ዋጋው ይወድቃል፤ ስለዚህ ይገላበጣል፣ ይታያል። ብዙ ጊዜ ያባክናል፣ እውነት ነው። ግን የባከነው ጊዜ ሰው ሐሳቡን የሚለውጥበት ጊዜ ነበር። ልጁ ያን ሌሊት አምስት ደቂቃ የሚጨቃጨቀው ልዋጭ ቢያገኝ ኖሮ በአራተኛው ደቂቃ ሐብሉ ትዝ አይለውም ነበር ትላላችሁ?

ለእህቴ የነገርኳት በሦስተኛው ቀን ነው። አልጮኸችም። "ወርቅ ቤቱ ሐብሉን ሸጦት ይሆን?" አለችኝ። ለምን እንደምትጠይቅ ሳይገባኝ አብሬያት ወረድኩ። ባለሱቁ አስታወሳት። "እትዬ፣ ያኔውኑ ቀለጠ እኮ" አላት። እሷም "እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ወጣች። እስከ ቤት ድረስ አልተነጋገርንም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጇን ወደ አንገቷ ትሰዳለች፤ ታስተውለው አታስተውለው አላውቅም።

ለምዝገባው የምችለውን አሟላለሁ ብያለሁ፤ ከየት እንደማመጣው ገና እያሰብኩ ነው። ልጁ ግን ምግብ አስጠላው። አንድ ማታ አጠገቤ አስቀምጬ የኮቱን ታሪክ ነገርኩት። ልዋጩ ከበራችን ወጥቶ ቁልቁለቱን ሳይጨርስ እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳታጣፋ ተከትላው ሮጠች። ብርጭቆዎቹን ታቅፋለች፤ አንዱ መንገድ ላይ ወድቆ ተሰበረ። ሰውየው አምስቱን ተቀብሎ ኮቱን ከጆንያው አወጣላት። ምን እንደተባባሉ አልነገረችንም። ኮቱ እሷ እስክታርፍ ድረስ ሳጥኗ ውስጥ ነበር።

ልጁ ዝም ብሎ ቆየና፣ "ግን ጋሼ፣ ብርጭቆው ጎድሎ እያለ ለምን መለሰላት?" አለኝ።

"ሐሙስ ሐሙስ በሰፈራችን ያልፍ ነበር" አልኩት።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋውና ለምዝገባው ስንት ቀን እንደቀረ በጣቱ መቁጠር ጀመረ።