ቤቷን ተሸክማ የመጣች እንግዳ

ልጅ ያለበት ቤት አንድ ቀን እንስሳ ይገባበታል። ቡችላ ይሆናል፣ የድመት ልጅ ይሆናል፣ ክንፉ የተሰበረ ወፍም ይሆናል። መሰላ ካለው ቤታችን የገባችው ግን ኤሊ ነበረች። ልጄ ከሚኤሶ ጭነት ይዞ ሲመለስ አስፋልት ስታቋርጥ አገኛትና መኪና እንዳይጨፈልቃት ብሎ በካርቶን ይዟት መጣ። ቢጫ ቅርፊቷ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት፣ በኦሮምኛ ቆጫ የምንላት የቆላ ኤሊ ናት።

የልጅ ልጆቼ በደስታ አበዱ። ስድስት ዓመት የሆናት ወተት በሳህን አቀረበችላት። ወንድሟ ደግሞ ቅርፊቷን በምስማር በስቶ በገመድ ሊያስራት አሰበ። እኔም ወደ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሄጄ ጠየቅሁ።

መጀመሪያ የነገረኝ ስለ ቅርፊቷ ነው። ቅርፊቱ ከአከርካሪዋና ከጎድን አጥንቶቿ ጋር የተጣበቀ ሕያው አጥንት ነው፤ ሲበሱት ያማታል። በባሕር ዳርቻ የሚኖር አንድ የሸርጣን ዓይነት አለ፤ የሞተ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ፈልጎ ይገባበታል፣ ሲያድግም ትቶት ሰፋ ወዳለው ይዛወራል። በውጭ አገር ልጆች ቤት ውስጥ ያኖሩታል፤ አብዛኛውም ከዱር የሚያዝ ነው። ኤሊ ግን ቤት አትቀይርም፤ ከእንቁላሏ ስትወጣ ይዛው የመጣችውን እስክትሞት ትኖርበታለች።

ወተትና እንጀራ ምግቧ አይደለም። ሣር፣ ቅጠላ ቅጠልና በለስ ትበላለች፤ ውሃ በዝርግ ሳህን ይቀመጥላታል። ሙቀት የምታገኘው ከፀሐይ ነው፤ ካልሞቀች የበላችው በደንብ አይፈጭላትም። የቆላዋን እንስሳ ወደ እኛ ደጋ ብርድ ማምጣት ለሷ ቀላል ነገር አይደለም። ደጋግሞ ማንሳትም አይገባም፤ ስትደነግጥ በሆዷ ለበጋ ያጠራቀመችውን ውሃ ትሸናዋለች።

ለወላጆች የሚበልጠው የጤናው ነገር ነው። ኤሊ ራሷ ሳትታመም ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ልትሸከም ትችላለች። የነካት ልጅ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ከበላ ለከባድ ተቅማጥ ይጋለጣል፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ደግሞ ይበልጥ ይጎዳሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሱ ኤሊዎች ለቤት እንዳይሸጡ የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም ነገር አሳሰበኝ። በሴንት ሄለና ደሴት ያለው ዮናታን የተባለ ግዙፍ ኤሊ እ.ኤ.አ. በ1832 ገደማ እንደተፈለፈለ ይገመታል፤ ከአጼ ምኒልክ ይቀድማል ማለት ነው። የእኛዋ ያን ያህል ባትኖርም ብዙ አሥርት ዓመታት ትኖራለች። እኔ ሰባን አልፌያለሁ። ልጆቹ አድገው ከቤት ሲወጡ ማን ሊይዛት ነው?

ሕጉም አለ። የአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ የዱር እንስሳን ያለፈቃድ መያዝን አይፈቅድም። ልጄ «አባባ፣ አንዲት ኤሊ ምን ትጎዳለች?» አለኝ። «ልጆቹ የወደዱትን ሁሉ የራሳቸው ማድረግ እንዳለባቸው ከተማሩ እነሱ ይጎዳሉ» አልኩት።

የልጅ ልጄ ሁለት ቀን አለቀሰች፤ እራቷንም እምቢ አለች። የልጅ እንባ ለአያት ከባድ ነው። ቢሆንም በሚቀጥለው ጉዞ አባቷ ኤሊዋን ወዳገኛት ቦታ መለሳት። «ብቻዋን አትፈራም?» ብላ ስትጠይቀኝ «እዚያ ሣሩንም ጥላውንም ታውቀዋለች፤ የፈራችው እኛ ጋ ነው» አልኳት። ዝም ብላ አሰበችበት።

ልጅ የሚንከባከበው ነገር ሲወሰድበት ባዶ እጁን መተው ግን ተገቢ አይመስለኝም። አንዲት ቄብ ዶሮ ገዛንላት። ጠዋት እህልና ውሃ ትሰጣለች፣ ማታ ሸለምጥማጥ ሳይመጣ የዶሮ ቤቱን በር ትዘጋለች። ረስታ ስትተኛ ቀስቅሼ ራሷ እንድትዘጋው አደርጋለሁ።

እናንተም በቆላው መንገድ ኤሊ ካያችሁ፣ መኪና አለመኖሩን አይታችሁ፣ ፊቷን ወዳዞረችበት አሻግሯት። እጃችሁን ታጠቡና መንገዳችሁን ቀጥሉ።