የሥላሴ ዋዜማው ኮንሰርት

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን የሒሳብ አስተማሪያችን በቀረ ቁጥር የምናደርጋት ነገር ነበረች። ከኋላ ወንበር አንዱ ዴስኩን ሁለት ጊዜ በቡጢ ይደልቃል፤ ቀጥሎ አንዴ ያጨበጭባል። ዱ ዱ ጧ! ዱ ዱ ጧ! ሦስተኛው ዙር ላይ ስድሳ ምናምን ተማሪ አንድ ላይ ይቀበለዋል። መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ጠመኔ ከሰሌዳው ጠርዝ ይወድቃል፣ ዩኒት ሊደሩ ጎማውን ይዞ እየሮጠ ይመጣል። ይህቺን ምት ማን እንዳመጣት የጠየቀ አልነበረም። እኔ በበኩሌ የስታዲየም ደጋፊዎች የፈጠሯት ይመስለኝ ነበር። (ፋራነቴን በጊዜ ልናዘዝ ብዬ ነው።)

በዓመቱ ይመስለኛል፣ 2001 ዓ.ም. ላይ፣ ሰፈራችን ያለው ኮምፒውተር ቤት በአሥር ብር አንድ ሲዲ ሙሉ ዘፈን ይጭንልን ነበር። ማማረጥ የለም፤ ልጁ ደስ ያለውን ይጭናል፣ አንተ የደረሰህን ትሰማለህ። ከእነ ቴዲ አፍሮና ከእነ ፊፍቲ ሴንት መሀል ያቺ ምት ድንገት ብቅ አለች። ከአልጋዬ ዘልዬ ተነሳሁ። «ይሄማ የእኛ ዴስክ ነው!»

የዴስኩ ባለቤቶች ኩዊን ይባላሉ። ለማታውቋቸው በአጭሩ ላስተዋውቃችሁ። ባንዱ የተመሠረተው በ1970 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ነው። ዘፋኙ ፍሬዲ መርኩሪ፣ የትውልድ ስሙ ፋሮክ ቡልሳራ፣ ዛንዚባር የተወለደ የምሥራቅ አፍሪካ ልጅ ነው። ጊታሪስቱ ብራያን ሜይ ጊታሩን በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ሆኖ ከአሮጌ የእሳት ምድጃ እንጨት ጠርቦ የሠራ፣ በስድሳ ዓመቱ ደግሞ ተመልሶ በአስትሮፊዚክስ ዶክትሬቱን የጨረሰ ጉደኛ ነው። ከበሮው ላይ ሮጀር ቴይለር፣ ቤዝ ጊታሩ ላይ ጆን ዲከን። አራቱም ዘፈን ይጽፋሉ፣ የአራቱም ዘፈን ተወዷል። አንዱ ጽፎ ሌሎቹ የሚያጅቡበት ባንድ ነው የበዛው፤ እነዚህ አራቱም ጸሐፊ ናቸው።

አሁን ወደ ዴስኩ ልመለስ። «ዊ ዊል ሮክ ዩ» የወጣው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። ብራያን ሜይ እንደተናገረው ነገሩ የመጣለት ሕዝቡ ኮንሰርታቸው ላይ አብሮ መዝፈን ሲያበዛ ነው። ተጨናንቆ የቆመ ሕዝብ ምን ማድረግ ይችላል ብሎ አሰበ፤ እግሩን መደለቅ፣ ማጨብጨብ፣ መዝፈን። በቃ። ከዚያ ስቱዲዮ ገብተው ሰሌዳ ላይ እየረገጡ ቀዱት። እስከ መጨረሻው ጊታር ድረስ ዘፈኑ ውስጥ ከበሮ የለም፣ ቤዝ የለም። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው አዲስ አበባ ያለ መሣሪያ የማያውቅ መማሪያ ክፍል ድረስ እንዴት እንደተጓዘ የገባኝ። ዘፈኑ ከመጀመሪያውም ባለመሣሪያ አይፈልግም ነበር።

አንድ ባንድ ሃምሳ ዓመት ሲያልፈው አባት ለልጁ አውርሶት ነው ይባላል። የእኛ ቤት ግን እንደዚያ አይደለም። አባቴ ከእነ ጥላሁን ገሠሠና ከእነ መሐሙድ አህመድ ውጭ ሙዚቃ አለ ብሎ አያምንም። እኔ ከዴስክ አገኘሁት። የእህቴ ልጅ፣ አሁን አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፣ ከፊልም አገኘው። «ቦሔሚያን ራፕሶዲ» የተባለውን፣ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውንና ለራሚ ማሌክ ኦስካር ያስገኘውን ፊልም ማለቴ ነው። አንድ ቀን የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ፣ «ጋሼ፣ ኩዊን የሚባሉ ታውቃለህ?» አለኝ። እንዴት እንደተናደድኩ! ለእኔ? ለባለ ዴስኩ? ኋላ ሳስበው ግን ልክ ነበር። ማንም ለማንም አላወረሰም። ሁላችንም በየራሳችን በር ገብተን ውስጥ ነው የተገናኘነው። የኩዊን ዘፈን ጠባዩ ይሄ ነው፤ ማን ናችሁ፣ መቼ ተወለዳችሁ፣ ቋንቋውን ትችላላችሁ ወይ አይልም። ዲኤስቲቪ ቤት ዋንጫ ሲነሳ «ዊ አር ዘ ቻምፒየንስ» እየተዘፈነ በስሜት የሚያብዱት ጎረምሶች ስንቶቹ የባንዱን ስም ያውቃሉ?

ይህን ጠባዩን እወደው ነበር። አንድ እሑድ ግን እማዬ ቤት ውስጥ መልሶ ወጋኝ።

ቡና እየተጠጣ ነበር። ልጁ ቴሌቪዥኑን ከስልኩ ጋር አገናኝቶ ላይቭ ኤይድን ከፈተ፤ የኩዊንን ሃያ ደቂቃ። ፊልሙ የሚያልቀው በዚያ ኮንሰርት ስለሆነ እውነተኛውን ለማየት ጓጉቶ ነበር። አይታችሁት ይሆናል። የለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም፣ ሰባ ሁለት ሺህ ሰው፣ ገና ያልጨለመ ምሽት። ፍሬዲ በነጭ ካናቴራ ሮጦ ይገባል፣ ፒያኖው ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ በኋላ ያ ሕዝብ የእሱ ነው። «ሬዲዮ ጋ ጋ» ላይ ሲደርስ ሰባ ሁለት ሺህ ሰው ሁለት እጁን ከራሱ በላይ እያነሳ እኩል ያጨበጭባል። ከዚያ ማይኩን ይዞ፣ ያለ ምንም ሙዚቃ፣ በድምፁ ብቻ ይጠራቸዋል፤ እነሱ ይመልሳሉ። ከሮክ ኮንሰርቶች ሁሉ ይህን የሚያስበልጡ ብዙ ናቸው፤ እኔም አንዱ ነኝ። ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም።

እማዬ ሲኒ እያጠበች ቀና አለች። ድምፁ ዝቅ ብሎ ስለነበር እጆቹን ነው መጀመሪያ ያየችው።

«ለቅሶ ነው?» አለች።

ልጁ ሳቀ። «አይ እማማ፣ ኮንሰርት ነው። ለኢትዮጵያ ነው ደግሞ የተዘጋጀው።»

«ለኢትዮጵያ?»

«ለድርቁ። ለሰባ ሰባቱ። ገንዘብ ለማሰባሰብ።»

ሲኒዋን አስቀመጠች። «መቼ ነው ቀኑ?» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። ጁላይ 13፣ 1985 ነው። በስልኬ ወደ እኛ አቆጣጠር ቀየርኩት፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977።

«የሥላሴ ዋዜማ ነዋ» አለች እማዬ።

እዚህ ላይ ነው መናገር ያለብኝ። እማዬ የቆቦ ገጠር ልጅ ናት። በሰባ ሰባት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ቤተሰቡ በእግር ወደ ኮረም እንደወጣ፣ ትንሽ ወንድሟ እዚያ መጠለያ ውስጥ እንደቀረ አውቃለሁ። አውቃለሁ ስል፣ እንዲህ በሁለት መስመር ነው የማውቀው። እሷም ከዚያ በላይ አላወራችም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ኩዊን በየትኛው ዓመት በየትኛው ከተማ ምን እንደተጫወቱ በቃሌ የምለው ልጇ የአጎቴን ስም እንኳ አላውቅም ነበር።

ልጁ ቪዲዮውን ማቆም እንዳለበትና እንደሌለበት ግራ ገብቶት ነበር። እሷ ግን ዓይኗን አልነቀለችም። «ይሄ ሁሉ ሰው ስለ እኛ ነው የሚጨፍረው?» አለች። ንዴት አልነበረባትም። ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀችው።

ምን ትመልሱላታላችሁ? እኔ የማውቀውን ነገርኳት። ጥቅምት 13 ቀን 1977 የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኬንያዊው ካሜራማን ከሞሐመድ አሚን ጋር የቀረጸው የኮረም ዘገባ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። ቦብ ጌልዶፍ የሚባል አየርላንዳዊ ዘፋኝ አየው፤ ጓደኞቹን ሰብስቦ ዘፈን አወጣ። (የገና መሆኑን ያውቁ ይሆን ብሎ የሚጠይቅ ዘፈን ነው፤ ላሊበላ ላላት አገር። ይሁን፣ አውቀው አይደለም።) በዓመቱ ኮንሰርቱ መጣ። ከቢሊዮን በላይ ሕዝብ በቴሌቪዥን እንዳየው ይገመታል፤ የተሰበሰበው ገንዘብ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው ይባላል። ከኩዊን ቀጥሎ የወጣው ዴቪድ ቦዊ ከዘፈኖቹ አንዱን ትቶ የእኛ ልጆች የሚታዩበት ፊልም እንዲታይ አደረገ። ያን ፊልም ስንደርስበት ልጁ ይዘለዋል፤ እኔም እዘለው ነበር። ዩቲዩብ ላይ የኩዊን ሃያ ደቂቃ ለብቻው ተቆርጦ ነው የተቀመጠው፣ መዝለል እንኳ አያስፈልግም።

ያልነገርኳትም አለ። ኩዊን በዚያው ጥቅምት ወር፣ የኮረም ዘገባ በታየበት ወር ማለት ነው፣ በአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ ሰን ሲቲ ላይ ሲጫወቱ እንደነበር አልነገርኳትም። በዚህም ምክንያት ብዙ ተወግዘዋል፣ የሙዚቀኞች ማኅበራቸው ቀጥቷቸዋል። ላይቭ ኤይድ ላይ ሲወጡ ስማቸው ተበላሽቶ ነበር፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሲወርዱ ጸድተው ወረዱ። ፊልሙ ይህን ትቶ ሌላ ታሪክ ፈጥሯል፤ ተበታትነው እንደነበርና ፍሬዲ መታመሙን አውቆ እንደወጣ አድርጎ። እውነቱ እነሱ ከወራት በፊት ጃፓን ድረስ አብረው ሲዞሩ ነበር፤ ፍሬዲም ሕመሙን ያወቀው በኋላ እንደሆነ ነው ቅርቦቹ የመሰከሩት። የሞተው በኅዳር 1984 ዓ.ም. ነው፣ በ45 ዓመቱ፣ በኤድስ። ለፊልሙ ሰዎች የኮንሰርቱ ሐዘን አልበቃቸው ብሎ ሌላ መጨመር ነበረባቸው። ረሃቡ እኮ እዚያው ነበረ።

እርግጥ ረሃቡን ዝናብ ብቻ አላመጣውም። ጦርነት ነበር፤ በመስከረም የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዚያ ሁሉ ድግስ ሲከበር ሰሜኑ እያለቀ ነበር። ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ።

እማዬ ይህ ሁሉ ትንተና አልያዛትም። «ያኔ ኮረም ነበርን» አለች። «ዝናቡ መጥቶ ነበር በሐምሌ። ዘር ግን የት አለ? በሬ የት አለ? ብርዱ ነበር የባሰው። የስንዴው ከረጢት ላይ የፈረንጅ ጽሑፍ ነበረበት፣ ማን እንደላከው አናውቅም። ከረጢቱን ቀደን ለወንድሜ እጀ ጠባብ ሰፋንለት። እሱ ግን በሰኔ ሞተ።» ከዚያ ለልጁ ስሙን ነገረችው። ለእኔ አይደለም፣ ለልጁ። እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ ሰማሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ያን ቪዲዮ ለብቻዬ ለማየት ሁለት ሦስቴ ሞክሬያለሁ። እጆቹ ሲነሱ «ለቅሶ ነው?» የሚለው ይመጣብኛል። ኩዊንን ጠልቼ እንዳይመስላችሁ፤ አሁንም ጠዋት ታክሲ ውስጥ የምሰማው እነሱን ነው። ግን ሁሌ የማደንቅላቸው ያ ጠባይ፣ ማንም ምንም ሳያውቅ የሚገባበት ያ ሰፊ በር፣ ወንድሟን የቀበረች ልጅንም ከውጭ እንዳስቀረ ሳላስተውል ኖሬያለሁ። ሰባ ሁለት ሺህ ሰው ባንድ እጅ ሲያጨበጭብ ማን ለምን እንደመጣ ያስታውሳል? እኛ ዴስክ ስንደልቅስ ማን ስለ ማን ጠየቀ? በሌላ በኩል ደግሞ ያ ዘፈን ባይጠራው ልጁ ኮረም የሚለውን ስም ከየት ይሰማ ነበር? ከእኔ እንዳይሆን!

ከወር በኋላ እማዬ ቤት ስሄድ ልጁ ቀድሞኝ ተቀምጧል፤ ደብተር ይዞ የምትለውን ይጽፋል። የትምህርት ቤት የቤት ሥራ ነው አለኝ። አላመንኩትም፣ ዝም አልኩ። ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ እማዬ ወደ ቴሌቪዥኑ አገጯን ቀሰረች።

«እስቲ ያን የሥላሴ ዋዜማውን ልጅ ክፈተው» አለችው። «ድምፁን ግን አታብዛው።»